መዳፌን ወደ ራሴ አዙሬ

ባለፈው ሚያዝያ ዝናብ አባሮኝ ጂም ቤት ገባሁ። በዚህ ዕድሜዬ ጂም ቤት ገባሁ ስል ሌላ ነገር እንዳታስቡ፤ ጃንጥላዬን ሚስቴ ገበያ ይዛው ስለሄደች ብቻ ነው። ቤቱ ጂንካ መሀል፣ ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት ከነበረው ሜዳ ዳር ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ ላይ ጡንቻው እንደ ጎደሬ እዚህም እዚያም ያበጠ ሰውዬ ተስሏል፤ ሠዓሊው አንገት መሳሉን ረስቶታል።

ውስጥ ሁለት ጎረምሶች ከአግዳሚው ብረት ሥር ቆመው ይጨቃጨቃሉ።

«አያያዝህን ካልቀያየርክ ጀርባህ አይሰፋም ነው የምልህ! አንድ ሳምንት ሰፋ፣ አንድ ሳምንት ጠበብ፤ አንዴ መዳፍ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ራስህ» ይላል አንዱ።

«ጀርባ ዓይን የለውም» ይላል ሌላው፤ «መዳፍህ ወዴት እንደዞረ በምን ያያል? መሳብህን ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ጥግ ላይ ውሃ እያንጠባጠብኩ መቆሜን አዩ። «አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አለ የመጀመሪያው። ጓደኛው ሳቁን ለመደበቅ ፎጣውን ፊቱ ላይ አደረገ።

አልተቀየምኩም። ጀርባዬን ብታዩት እናንተም ትስቃላችሁ፤ ቁልቁል የሚያይ ጀርባ ነው ያለኝ። መሬት ላይ የወደቀ መርፌ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ። ፍርዱን ለሌላ ቀን ይሁን ብያቸው ዝናቡ ሲያባራ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ግን ሁለት መዳፎቼን እያገላበጥኩ ሳይ ሄድኩ፤ ያየኝ ሰው የሆነ ነገር የጠፋበት ሳይመስለው አይቀርም። ስለ ጀርባና ስለ አያያዝ በዚህ ከተማ እንደኔ ዋጋ የከፈለ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ በየቀበሌው የሚዞርበት። እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። አባቴ ከጎፋ መጥቶ ጂንካ በረንዳ ላይ አንዲት የስፌት መኪና የዘረጋ ልብስ ሰፊ ነበር። ዓይኑ ሲደክም መኪናዋን ለኔ አወረሰኝ፤ ከመኪናዋ ጋር የሚመጣውን ጉብጠት ጭምር። ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ ሱሪ ሳሳጥር፣ ካኪ ስጠጋግን እውላለሁ። አንድ ቀን አልማዝ የምትባል ልጅ ቀሚሷን ልታሳጥር መጣች። እኔ ብቻ የማፈቅራት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ከተማው በሙሉ ተሰልፏል። ከኋላዬ ቆማ ትንሽ አየችኝና፣ «ታደሰ፣ ከኋላ ሳይህ የጥያቄ ምልክት ትመስለኛለህ» አለችኝ።

ለጥያቄው መልስ እሆናለሁ ብዬ ስፖርት ጀመርኩ።

ከሱቁ ጀርባ በሁለት የማንጎ ዛፎች መሀል አሮጌ የውሃ ቧንቧ አጋደምኩ። አንድ የስፖርት መምህር ጎረቤት ነበረን፤ ስፈራገጥ አይቶ አዘነልኝና ቆሞ አስተማረኝ። «መዳፍህን ወደ ፊት አድርገህ፣ እጅህን ሰፋ አድርገህ ስትይዝ ይከብዳል። መዳፍህን ወደ ራስህ አዙረህ ስትይዝ ክንድህ ያግዝሃል፤ ይቀላል። አንዱን ብቻ አትልመድ፤ እየቀያየርክ ሥራ» አለኝ።

መጀመሪያ በከባዱ ሞከርኩ። ሦስት። ሦስተኛው ላይ እግሬ አንገቱ እንደተጠመዘዘ ዶሮ ይወራጭ ነበር። መዳፌን ወደ ራሴ አዙሬ ሞከርኩ። ስምንት! ከዚያ ቀን ጀምሮ ከባዱን ተሰናበትኩት። ሰው የሚሰማው ቁጥሩን ነው፤ «ታደሰ አሥራ ሁለት አደረሰ» ይባላል እንጂ፣ መዳፉ ወዴት ዞሮ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? በአራት ወር አሥራ አምስት ገባሁ። ጀርባዬም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚያችው በአንዷ አያያዝ ደህና አድርጎ ሰፋ። የገዛ ሸሚዜን ስፌት ፈትቼ ግራና ቀኝ ጨርቅ ጨመርኩበት። አመሻሹ ላይ የሰፈሩ ሥራ ፈት ሁሉ ከማንጎው ሥር ተሰብስቦ ይቆጥርልኛል። አልማዝ ግን አንድ ቀን እንኳ አልመጣችም።

የመጣው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ከቆጣሪዎቹ ሁሉ ድምፁ ይጎላ ነበር፤ አሥራ አምስት ስደርስ አጨበጨበልኝ። ወርጄ ላቤን ስጠርግ ጀርባዬን እንደ በሬ ጀርባ መታ መታ አደረገና፣ «ጓድ ታደሰ፣ እንዲህ ያለ ጀርባ ለስፌት መኪና አይባክንም። እናት ሀገር ትፈልገዋለች» አለ። እኔ ጅሉ አመሰገንኩት። በሦስተኛው ቀን ሁለት አብዮት ጥበቃዎች መጥተው ከመኪናዬ ላይ አነሱኝ። እግሬ ገና መርገጫው ላይ ነበር።

የቀበሌው ምልምሎች ቀደም ብለው ሄደዋል፤ ኮታው የጎደለው በሁለት ሰው ነበር። አንዱ እኔ ሆንኩ፤ ሌላው ማርቆስ። ማርቆስ ከገዘር ተራራ ሥር ካለ መንደር ሳንቃ ተሸክሞ ለቅዳሜ ገበያ የወረደ የአሪ ልጅ ነው። ገና ሳንቃውን ከትከሻው ሳያወርድ ያዙት፤ የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ ነህ ብሎ የጠየቀው የለም። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጸሎተኛ ልጅ። አባቱ ረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ስለነበር፣ ማርቆስ መራመድ ሳይማር ዛፍ መውጣት የተማረ ይመስለኛል።

የተቆለፈብን የቀበሌው መጋዘን ውስጥ ነው። ግድግዳው ከውጭ ያልተለሰነ ድንጋይ፣ ከውስጥ ግን በሲሚንቶ የለሰለሰ ነበር። መስኮት የለውም። በጓሮው በኩል ባለው ግድግዳ አናት ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ አየር እንዲገባ የተተወች አንዲት ክፍተት አለች፤ አንድ ሰው በደረቱ ተስቦ የሚያልፍባት፣ በዛገ ወንፊት ሽቦ የተጋረደች። ከዚያ በቀር ያለን ዕቃ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያና ጣሪያውን መሀል ለመሀል የሚያያይዝ አንድ የባሕር ዛፍ አጣና ነው።

«ነገ መኪና ይመጣል» አሉን። ነገ አልመጣም። የበልጉ ዝናብ የወይጦን ወንዝ ሞልቶት መንገዱ ተቆርጧል። በማግስቱም «ነገ» አሉን። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ እኛ ከሥሩ እንደ በቆሎ እንጠበሳለን፤ የማዳበሪያው ሽታ ጉሮሯችን ውስጥ ይቀመጣል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናቡ ይመጣና ቆርቆሮውን ሲደበድበው አጠገባችሁ ያለ ሰው ቢጮህ አትሰሙም። ቤቱን በእርምጃ ለካሁት፤ ርዝመቱ አሥራ ሦስት፣ ወርዱ ስምንት። በአምስተኛው ቀን ደግሜ ስለካው አሥራ ሁለት ተኩል ሆነብኝ። ግድግዳው በእርግጥ ተጠግቶ እንደሆነ ማርቆስን ጠየቅኩት። «እርምጃህ ረዝሞ ይሆናል፤ መሄድ አምሮህ» አለኝ።

የምንፈራውን ሁለታችንም እናውቃለን፤ አናነሳውም። ከኔ ሰፈር ከኛ በፊት የሄዱ ልጆች ነበሩ። ከአንዳቸውም ደብዳቤ አልመጣም።

ጠባቂያችን ጋሽ ኦይታ የሚባሉ ከበና ብሔረሰብ የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ። ጠመንጃቸው ከሳቸው ይረዝማል፤ በሩ ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው እሷን እንደ ከዘራ ይደገፏታል። ጠዋት ጠዋት የበቆሎ ንፍሮ፣ ሲገኝም ቅቅል ጎደሬ ያስገቡልናል። አንድ ቀን የማርቆስ እናት በእግሯ ወርዳ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና ጎመን አመጣች። ጋሽ ኦይታ በሩን ገርበብ አድርገው እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንዲቆዩ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ቆጮውን ሦስት ቦታ ከፍለን ለርሳቸውም ሰጠናቸው።

ጊዜው አልገፋ ሲል ከአጣናው ላይ መንጠልጠል ጀመርኩ። ከፊቴ አንድ ተመልካች ብቻ ስላለኝ ቁጥሩን ራሴ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። አሥራ አምስት! ማርቆስ በትሕትና አየኝና፣ «እኔም ልሞክር?» አለ። ስድስት ሳበ። ግን እንዴት ያለ አሳሳብ! አንዴ አንዱን መዳፍ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ራሱ፤ አንዴ ሁለቱን እጆች በአጣናው ግራና ቀኝ አፋጥጦ፤ አንዴ በጣም አስፍቶ።

«ይሄ ምን ዓይነት አያያዝ ነው? አንዱን ያዝና ቁጥርህን አሳድግ እንጂ» አልኩት እንደ አሠልጣኝ።

«ዛፉ እንደሰጠኝ ነው የምይዘው» አለ። «ቅርንጫፍ መዳፍህን እስክታዞር አይጠብቅህም።»

«አንተ ስድስት፣ እኔ አሥራ አምስት። የማን ዘዴ ይሻላል?»

«የአንተ» አለ፤ ጨዋ ስለሆነ። እኔም አምኜ ተቀበልኩ፤ ጨዋ ስላልሆንኩ።

በዘጠነኛው ቀን ጋሽ ኦይታ ንፍሮውን አስቀምጠው አልወጡም። ማርቆስ ትከሻዬ ላይ ቆሞ ሽቦውን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲያጥፍ እንደከረመ አይተዋል፤ ክፍተቷን ቀና ብለው አዩ፤ እኛን አዩ።

«ሊቀመንበር ለእኔ በር ጠብቅ አለኝ» አሉ በዚያ በሚሰባበር አማርኛቸው። «እኔ በር እጠብቃለሁ። ግድግዳ ጠብቅ አላለኝም።»

ቁልፉን ከውጭ ሲያዞሩት ሰማን። እኔና ማርቆስ ለረጅም ጊዜ አልተያየንም፤ ብንተያይ ደስታው የሚያስጮኸን መስሎን።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ሊቀመንበሩ በሩ ላይ መጥቶ ወይጦ መጉደሉን፣ መኪናው ነገ በጠዋት እንደሚደርስ ነገረን። «ሻንጣችሁን አዘጋጁ» ብሎ ቀለደ፤ ሻንጣ የለንም። እንግዲህ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲመጣ መውጣት ነው፤ አለበለዚያ ከነገ በኋላ ያለውን የሚያውቅ የለም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ሰማዩ ጠቆረ፤ ቆርቆሮው መጮህ ጀመረ። ከክፍተቷ ሥር ቆምን። አንዳችን የሌላችንን ትከሻ ረግጠን እንደምንወጣ ግልጽ ነው። ኋላ የሚቀረው ግን የሚረግጠው ትከሻ የለውም፤ ዘሎ ጫፉን ይዞ፣ በገዛ ክንዱ ራሱን መሳብ አለበት።

«አንተ በኔ ላይ ውጣ» አለ ማርቆስ ጆሮዬ ውስጥ። «እኔ ኋላ እመጣለሁ። መውጣት ልማዴ ነው።»

«አንተ? በስድስትህ?» አልኩት። «እኔ ብረግጥህ ትከሻህ እንደ ሸንኮራ ነው የሚሰበረው። ይልቅ ውጣ! ጀርባ ያለው ማን ሆነና!»

«ታደሰ፣ ግድግዳ እንደ አጣና...»

«ውጣ አልኩህ!»

አጎነበስኩለት። ትከሻዬን ረገጠ፤ ቀላል ነበር፤ እንደ ልብስ። ሽቦውን ገፋው፤ ራሱን፣ ደረቱን፣ ወገቡን እንደ እንሽላሊት አሳልፎ ወደ ውጭ ጠፋ። አሁን የኔ ተራ ነው። እጄን በሱሪዬ አደረቅኩ፤ ምራቄን እንትፍ አልኩበት፤ ዘለልኩ። መጀመሪያ ሳትኩት። ሁለተኛ ዘልዬ የግድግዳውን ጫፍ በጣቶቼ ያዝኩ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አጣናን ዙሪያውን ትይዘዋለህ፤ መዳፍህን ወዳሻህ ታዞራለህ። ግድግዳ ግን አንድ አያያዝ ብቻ ነው ያለው፤ መዳፍህ ወደ ፊት፣ ጣቶችህ ጫፉ ላይ። ያ የስፖርት መምህሩ የነገረኝ፣ እኔም በሦስት ቁጥሩ አፍሬ የተውኩት ከባዱ አያያዝ። መዳፌን ወደ ራሴ ላዙር ብል ፊት ለፊቴ ያለው ሲሚንቶ ነው።

ሳብኩ። ወደ ላይ ሄድኩ፤ ዓይኖቼ ከጫፉ በላይ ወጡ። የሜዳው ሣር በዝናቡ ተኝቶ፣ ከሱ ወዲያ ላሞች ጀርባቸውን ለዝናብ ሰጥተው ቆመው፣ ቅርብ ደግሞ ማርቆስ ከአንድ የኮባ ቅጠል ሥር ሆኖ በእጁ ሲጠራኝ አየሁ። ዓለም በሙሉ ከአፍንጫዬ አንድ ክንድ ርቃ ነበር። እዚያ ላይ ክንዴ ቆመ። መውጣት አልችልም፤ መውረድ አፍራለሁ። እግሬ የለሰለሰውን ግድግዳ እየቧጠጠ ይንሸራተታል፤ የሲሚንቶው ጠርዝ አገጬን ነክሶ አደማው። ወደቅኩ። ዘለልኩ፤ ዓይኖቼ ወጡ፤ ላሞቹን አየሁ፤ ወደቅኩ። ንፍሮው አድክሞኝ ነው ልል እችል ነበር፤ ማርቆስም የበላው ያንኑ ንፍሮ ነው።

በሦስተኛው ላይ ማርቆስ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ አገኘሁት። «ና እንጂ! ምን ሆንክ?» ብሎ ጮኸ።

አልቻልኩም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ግን አሥራ አምስት ብዬ የቆጠርኩበት አፍ ያችን ቃል አላወጣ አለ። በጣቶቼ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ጉልበቴ የመጨረሻዋን ጠብታ ስታፈስ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ እንዲህ ስል ራሴን ሰማሁት፦

«ሂድ! ሁለታችንም ከጠፋን ጋሽ ኦይታን ይፈጇቸዋል። እኔ ለሳቸው ስል እቀራለሁ!»

ማርቆስ ዝናቡ በፊቱ እየወረደ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ዞሮ ወደ ገዘር ተራራ ሮጠ። እኔ ወለሉ ላይ በቂጤ ወደቅኩ።

ልብ በሉ፤ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ያሴርን ሰዎች ነን። ከኛ በኋላ በዚያ በር ላይ የሚቀሩት ሽማግሌ ምን ይሆናሉ ብለን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳንም። ስለሳቸው ያሰብኩት ጉልበቴ ሲያልቅ ነው።

ዝናቡ ሲያቆም ጋሽ ኦይታ በሩን ከፈቱ። አንድ ሰው ብቻ አገኙ። «አንተ ምን ሆንህ ቀረህ?» አሉኝ። ውሸት አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም፤ «ለርስዎ ብዬ» አልኩ። አገጬን ቀና አድርገው ደሙን አዩ። ምን እንደገባቸው ዛሬም አላውቅም። ሄደው የራሳቸውን የወተት ቅል አመጡና እስክጨርሰው ከፊቴ ቁጢጥ ብለው ጠበቁ። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ወተት የለም፤ ግን ጨረስኩት።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ጮኸ፣ ተራገመ። «ጠባቂው በሩን ለአፍታም አልለቁም፤ ልጁ በግድግዳ ነው የሄደው» ብዬ መሰከርኩ። ጋሽ ኦይታም፣ «በር ጠብቅ አልከኝ። በር ይኸው አለ» አሉት። ሊቀመንበሩ ሁለታችንን አፈራርቆ አየና እንዲህ አለ፦ «እድለኛ ሽማግሌ ነህ። ሁለቱም ጠፍተው ቢሆን ኖሮ፣ በእናቴ እምላለሁ፣ አንተን ነበር እዚህ መኪና ላይ የምጭንህ።» ሰውየው አይቀልድም ነበር። በጭነት መኪናው ላይ ስወጣ ጋሽ ኦይታ ጠመንጃቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ሁለት እጃቸውን አንስተው ሸኙኝ።

አርባ ምንጭ ላይ ሐኪም ፊት ቆምኩ። ጀርባዬን አይቶ ተደነቀ፤ ዓይኔን አይቶ ሳቀ። በመርፌ ቀዳዳ ክር ሲያስገባ የኖረ ዓይን ከሃያ እርምጃ በላይ ያለ ሰው ማን እንደሆነ አይለይም ነበር። «ሙያህ ምንድን ነው?» አለኝ። «ልብስ ሰፊ።» በዚህች ቃል ጦርነቱን በሙሉ አንድ ማሠልጠኛ ጣቢያ ውስጥ፣ ከስፌት መኪና ፊት አጎንብሼ አሳለፍኩት። አራት ዓመት። ከመጋዘን ወደ መጋዘን። ያ አልማዝን ሳይማርክ ሊቀመንበሩን የማረከ ጀርባ እንደገና ጥያቄ ምልክት ሆነ፤ በዚህኛው ዙር ለዘለቄታው።

ይህን ሁልጊዜ ለሳቅ ነው የማወራው። የማላወራው ስለ ሸሚዞቹ ነው። ከግንባር ታጥበው የሚመለሱ ሸሚዞች ነበሩ፤ ጠግነን ለአዲሶቹ ልጆች እንድናድል። ቀዳዳውን ከውስጥ ጨርቅ ደርቤ እሰፋለሁ። ደረቱ ላይ የተቀደደ አለ፤ ጀርባው ላይ የተቀደደም አለ። ሰፋ ያለ ጀርባ ያለው ሸሚዝ እጄ ሲገባ፣ እንደ እኔ ሸሚዝ ግራና ቀኝ ጨርቅ የተጨመረበት እንደሆነ ለማወቅ ስፌቱን ሳልዳስስ አላልፍም ነበር።

ግንቦት ሰማንያ ሦስት መጣ፤ ጣቢያው ተበተነ። በጭነት መኪናም በእግርም ጂንካ ገባሁ። አልማዝ የሾፌር ሚስት ሆና ሁለት ወልዳለች። ማርቆስ መምጣቴን በሰማ በሦስተኛው ቀን ከገዘር ወረደ፤ አቅፎኝ አለቀሰ፤ በዚያው ዓመት የተወለደ የበኩር ልጁን ታደሰ ብሎ እንደሰየመውም ነገረኝ። ቤተ ክርስቲያናቸው ይዞኝ ሄዶ በጉባኤ ፊት አቆመኝ። ራሱን ለሽማግሌ አሳልፎ የሰጠ ወንድም ተብዬ ተዋወቅኩ። አጎንብሼ ቆምኩ፤ ሰዉ ትሕትና ነው አለ። ጋሽ ኦይታም በሕይወት እያሉ ወደ ከተማ በወጡ ቁጥር በረንዳዬ ላይ ቆም ብለው፣ አገጬ ላይ ያለችውን ጠባሳ በጣታቸው ነክተው ይሄዱ ነበር። ከሞቱ ቆይተዋል። ልጆቻቸው እስከ ዛሬ አባታቸውን ያተረፈ ሰው ይሉኛል። ከዚያ መጋዘን ወጥቻለሁ፤ ከዚህኛው፣ ከውሸቱ ግን ክፍተቱ የት እንዳለ አላውቅም ነበር።

ለዚህ ነው ከጂም ቤቱ ቀን በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ ማርቆስ በሚኒባስ ወርዶ እንደ ልማዳችን በረንዳዬ ላይ አቮካዶ በዳቦ ስንበላ፣ ሳላስበው ያፈረጥኩት።

«ማርቆስ፣ ያን ቀን ለጋሽ ኦይታ ብዬ አይደለም የቀረሁት። መውጣት አቅቶኝ ነው።»

ማላመጡን አላቆመም። «አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ጣቶችህን አይቻለሁ። ጫፉ ላይ ነጭ ሆነው ይንቀጠቀጡ ነበር። ሦስቴ መጡ፣ ሦስቴ ጠፉ።»

ቢላዬን አስቀመጥኩ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ሆነህ ዝም አልክ?»

«ከውጭ በኩል ድንጋዩ ይያዛል፤ ተመልሼ ገብቼ በትከሻዬ ላወጣህ እችል ነበር። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ አንተ ሂድ አልከኝ። ሐሳብህን እንዳትለውጥ ፈርቼ ሮጥኩ።» ዳቦውን አየው። «ውሸትህ ተመችቶኝ ነው፣ ታደሰ።»

«ታዲያ ልጁን ለምን በኔ ስም ጠራኸው?»

«ምን ብዬ ልጥራው? ሮጥኩ ብዬ?»

ሚስቴ ምን ሆናችሁ ብላ እስክትወጣ ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀና ወደ ዳቧችን ተመለስን።

«ለጋሽ ኦይታ ግን እውነት ነበር» አለ ማርቆስ ቆይቶ። «ሊቀመንበሩ ምሏል። እንኳንም መዳፍህን አልቀያየርክ።»

ማርቆስ ጸሎተኛ ስለሆነ ከነገሩ ሁሉ ጀርባ የእግዚአብሔርን እጅ ያያል፤ ያለው ነገር እስከ ማታ ሊያጽናናው ይችላል። እኔ የማየው የራሴን እጅ ነው። አንድ ሽማግሌ በልጆቻቸው መሀል አርጅተው ሞተዋል፤ ደስ ይለኛል፤ ከልቤ ነው። ቢሆንም ከዚያ ግድግዳ ጫፍ ላይ ሆኜ ሣሩንና ላሞቹን ሳይ ምን እፈልግ እንደነበር ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ያን ቀን ክንዴ ችሎ ቢሆን ኖሮ፣ ወደ በሩ ዞሬም አላይም ነበር።